ኔቭ ብሎ የጠራው

በሩ ሲንኳኳ ኔቪል ሄፕወርዝ ከወንበሩ አልተነሳም። የእሱ በር አይንኳኳማ! ፖስተኛው ያመጣውን በበሩ ቀዳዳ አሾልኮ ውልቅ ይላል፤ ልጁ ጃኒስ ከሊድስ ስትመጣ የራሷ ቁልፍ አላት፤ ከዚያ ውጭ በመንደራችን በስኬልቢ እሱ ደጃፍ ላይ ሰው ከቆመ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። ስለዚህ ያ የለመደው ነገር መሰለውና ሻዩን ማማሰሉን ቀጠለ።

ያ ነገር ማለት ድምፁ ነው። ከኋላው፣ በቀኝ በኩል፣ አንድ ወንድ «ኔቭ!» ብሎ ይጮኽበታል። ጊዜ አይመርጥም፤ ድንች ሲልጥ፣ ጓሮ ባሮ ሽንኩርቱን ሲኮተኩት፣ ደረጃ ሲወጣ፣ ድንገት «ኔቭ!» ይለዋል። ሌላ ቃል አይጨምርም። ሚስቱ ሺላ በሕይወት ሳለች «ዛሬም ጠሩህ?» ብላ ትስቅበት ስለነበር ነገሩ ቀለል ይልለት ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ ግን ድምፁ ቤቱን ወረሰው። ኔቪል ሁለተኛ አልዞርም፣ ጆሮ ዳባ ልበስ እላለሁ ብሎ ስንቴ ለራሱ ምሏል፤ ምን ዋጋ አለው፣ አንገቱ በራሱ ጊዜ ዞር ይላል። ዞሮ የሚያየው የወጥ ቤቱን ግድግዳ ነው።

እንደገና ተንኳኳ። አሁንስ በእርግጥም በር ነበር። ሲከፍተው ሞሪን ሮውሊ ጥቁር ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ ዝናብ ላይ ቆማለች። ሞሪን የዴዝሞንድ ሚስት ናት፤ ዴዝሞንድን ስኬልቢ በሙሉ ዴዝ ነው የሚለው። ኔቪል ከትናንት በስቲያ በዚያ ሲያልፍ የዴዝ ቤት መጋረጃ በጠራራ ቀን ተዘግቶ አይቷል። እኛ ዘንድ መጋረጃ በቀን የሚዘጋው ሰው ሲሞት ነውና ነገሩ ገብቶታል፤ የነገረው ሰው ግን አልነበረም።

«ዴዝ አረፈ» አለችው፤ እንደምን ዋልክ የለ፣ ምን የለ።

«መጋረጃውን አይቻለሁ» አለ ኔቪል። ድምፁ ሻክሮ ወጣ። ጃኒስ ያልደወለችለት ቀን ቃል ሳይተነፍስ ነው የሚመሸው፤ ጉሮሮው እንደ ዛገ ቧንቧ ሆኗል።

«ታዲያ ግቢ አትለኝም? እዚህ እስክሻግት ልቁም?»

ገባች። አልተቀመጠችም። ሻይ ልቅዳልሽ ሲላት እጇን አወናጨፈች።

«ሬሳዬን ከፊት በግራ ኔቭ ይያዘው ብሏል። እኔ አላመጣሁትም፣ እሱ ነው ያለው። ደጋግሞ አስምሎኛል፤ መጨረሻ ላይማ ሌላ ነገር አይናገርም ነበር።»

ኔቪል ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ለሌላ አገር ሰው ይህ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። እኛ ዘንድ ግን የራግቢ ተጫዋች ሲሞት ሣጥኑን ቤተ ዘመድ አይነካውም፤ የሚሸከሙት አብረውት ስክረም የገቡት ናቸው። በስክረም ስድስት ሰው አንድ ላይ ይቆለፋል፤ ሦስቱ ከፊት ተቃቅፈው ጭንቅላታቸውን ከተጋጣሚ ጭንቅላት ጋር ይገጥማሉ፣ ሁለቱ ከኋላ ይገፋሉ፣ አንዱ ከመጨረሻ ሆኖ ሁሉንም ይይዛል። ዴዝ የፊተኞቹ መሃለኛ ነበር። መሃለኛ ሁለት እጁን በግራና በቀኝ ባሉት ሰዎች ትከሻ ላይ ጥሎ ይንጠለጠላል፤ እነሱ ከለቀቁት አንገቱ ይቀጫል። ታዲያ መሃለኛ ሲሞት የሣጥኑን ፊት የሚይዙት እነዚያው ሁለቱ ናቸው። በቀኝ የነበረው ባሪ ቀድሞ ስለሞተ ቦታው የልጁ የስቱዋርት ነው። በግራ የነበረው ኔቪል ነው። ባሪ ሲቀበር የኔቪልን ቦታ አንድ አማች ያዘው፤ ኔቪል ከመንገዱ ማዶ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሞ አየ። ና ያለው አልነበረም።

«ጎርደንስ?» አለ ኔቪል።

ጎርደን ስቴድ የቡድኑ አምበል የነበረው ሰው ነው፤ የሞሪን ታላቅ ወንድም።

«ጎርደን ወንድሜ ነው እንጂ ባሌ አይደለም» አለች። «ሬሳው የኔ ነው። ያልፈለገ ይቅር!»

ወደ በሩ ስትመለስ ኔቪል ድፍረቱን ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ተከተላት።

«ሞሪን፣ አንዲት ነገር ልጠይቅሽ። ያን ዕለት፣ ከዋርድል ቡድን ጋር ስንጫወት፣ የጠራኝ ዴዝ ነው አይደል? እሱ መሆኑን አውቃለሁ። ብቻ ከአፉ ሰምተሽ እንደሆነ…»

ሞሪን የካፖርቷን ቁልፍ ያለ ምክንያት ፈታችና መልሳ ቆለፈችው።

«እሱን ጎርደንን ጠይቀው።»

«ጎርደን መች ያናግረኛል?»

«እንግዲያው አትጠይቀው» ብላ ወጣች።

ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኳችሁ አይገባችሁም። ኔቪልና ዴዝ ከሕፃንነት ጀምሮ የማይነጣጠሉ ነበሩ። አንድ ትምህርት ቤት ተማሩ፣ በአንድ ቀን ከሰል ሊቆፍሩ ጉድጓድ ወረዱ፣ በአንድ ቀን የስኬልቢን ማሊያ ለበሱ። ዴዝ አጭርና ቀልደኛ፣ ኔቪል እንደ ቁም ሣጥን የገዘፈ። ዴዝ ስክረም ውስጥ ሆኖ በጆሮው እየቀለደ ያስቀው ስለነበር ዳኛው «እናንተ ሁለታችሁ ልትጋቡ ነው ወይስ ልትጫወቱ?» ይላቸው ነበር። ኔቪል ሺላን ሲያገባ ሚዜው ዴዝ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1984 መንግሥት የከሰል ጉድጓዶቹን እዘጋለሁ ሲል የእኛ ሰው ሥራ አቆመ። ዓመት ሙሉ ያለ ደመወዝ! ሴቶቹ በሠራተኞቹ ክበብ በትልልቅ ድስት ድንችና አተር እየቀቀሉ መንደሩን መገቡ፤ ወንዶቹ በማዕድኑ በር ቆመው ከፖሊስ ጋር ተጋፉ። ኔቪልም ቆሟል። የፖሊስ ዱላ የሰነጠቀው ቅንድቡ ዛሬም ጠባሳው አለ። እኔ ለማንም አላዳላም ብል ውሸቴን ነው፤ የእኛ ሰዎች ያን ዓመት ያዩትን ሳስብ አሁንም ደሜ ይፈላል። ግን የኔቪልንም ቤት አውቀዋለሁ። በየካቲት ጃኒስ ገና ጡት ትጠባለች፤ ደረቷ ያፏጫል፤ ግድግዳቸው ውሃ ያንጠባጥባል። ሺላ መጀመሪያ ወንበሮቹን አነደደች፣ ቀጥላ የቁም ሣጥኑን በር። ሐኪሙ መጥቶ «ሙቀት ካላገኘች ትሞትባችኋለች» ብሎ ቁርጡን ነገራቸው። በማግስቱ ማለዳ ኔቪል አድማውን ጥሰው ሥራ የሚገቡትን የሚያመላልሰው፣ መስኮቱ በሽቦ ወንፊት የታጠረው አውቶቡስ ላይ ወጣ። በሩ ላይ የቆሙት ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ሲያልፍ አዩት። ዴዝም አየው፤ ጎርደንም አየው።

ወይ አለመታደል! አድማው በመጋቢት አበቃ። ትንሽ ቢታገስ ኖሮ ከሁሉ ጋር፣ ባንዲራና ማርሽ ባንድ አስቀድሞ ይገባ ነበር። እነሱ እያለቀሱ ሲገቡ እሱ ቀድሞ ውስጥ ነበር። ያን ሰሞን የቤቱ በር ላይ በነጭ ቀለም «ባንዳ» ብለው ጻፉበት። ሺላ ሳምንት ሙሉ ፈተገችው።

የቡድኑ ነገር ሲነሳ ግማሹ ይባረር አለ። እንቢ ያለው ጎርደን ነው፤ አዝኖለት ግን እንዳይመስላችሁ።

«ታባርሩትና ሌላ ቦታ ሄዶ እፎይ ይበል?» አለ መልበሻ ክፍሉ መሃል ቆሞ፤ ኔቪል እዚያው ጥጉ ላይ የጫማውን ገመድ ያስራል። «የትም አይሄድም። ከእኛ ጋር ይለብሳል፣ ከእኛ ጋር ይጫወታል። ኳስ ይሰጠዋል። ቃል ግን የለም። ከዛሬ ጀምሮ ስሙን የጠራ፣ እሱም እንደሱ ነው። ተስማማን?»

ተስማሙ። ዴዝም እጁን አወጣ።

ሰው እንዲህ ሆኖ ለምን ይቆያል ትሉ ይሆናል። ሺላም ብላዋለች፤ «ምን ቆርጦህ ነው የምትሄደው? ክብር የለህም?» እያለች አልቅሳበታለች። ኔቪል መልስ አልሰጣትም፤ መልሱ ያሳፍረው ነበር። ሱቅ ሲገባ ሰው ይበተናል፤ ጉድጓድ ውስጥ አጠገቡ የሚበላ የለም፤ ከዕድር እንደተባረረ ሰው ነበር የሚኖረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ዳኛው ስክረም ሲል ዴዝ ክንዱን አንገቱ ላይ ይጥላል። ማጥበቅ አለበት፤ ካላጠበቀ ይሰበራል። ጉንጩ ከጉንጩ ይገጥማል፣ ትንፋሹ ጆሮው ውስጥ ይገባል። ቀልድ የለም፣ ቃል የለም፣ ትንፋሽ ብቻ። ኔቪል ሳምንቱን ሙሉ ያን ክንድ ይጠብቅ ነበር። ናፍቆት ነበር፤ ሌላ ስም የለውም።

ራግቢ ያየ ሰው ያውቃል፤ ጨዋታው ከሩጫው ይልቅ ጩኸቱ ይበልጣል። «ያንተ!» «ግራ! ግራ!» «ከኋላህ መጣልህ!» ሳይባባል አሥራ ሦስት ሰው አንድ መስመር አይሆንም። ለኔቪል ማንም አይጮኽለትም። ኳሱን ይሰጡትና ዝም። ስለዚህ ከማያየው በኩል የመጣ ሁሉ ይመታዋል፤ አንዴ የጎድን አጥንቱን፣ አንዴ አፍንጫውን፣ አንዴ ጥርሱን። ሜዳው ጠርዝ ላይ የቆመው ተመልካችም ነገሩ ገብቶታልና ይስቃል። እኛም ስቀናል፤ ምን ይደበቃል።

ከዋርድል ጋር የተጫወቱት በቀጣዩ ክረምት ነው። ሜዳው ጭቃ ብቻ። ከዋርድሎቹ አንዱ፣ በሬ የሚያህል ጎረምሳ፣ ወንድሙ በአድማው ታስሮበታል፤ ኔቪል ምን እንዳደረገም ነግረውታል። ኳስ ከስክረም ወጣ፣ ኔቪል ተቀበለ፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ ፊት ገፋ። ጎረምሳው ከኋላው በቀኝ በኩል ክንዱን ለአንገቱ አመቻችቶ እየበረረ መጣ። የስኬልቢ ልጆች ሁሉ አይተውታል።

«ኔቭ!» አለ አንድ ድምፅ።

ኔቪል ዞር አለ። ክንዱ ጆሮውን ልጦት አለፈ፤ ጎረምሳው በገዛ ኃይሉ ተወርውሮ መሬት ሲመታ ክንዱ ተሰበረ። ያ ምት አንገት አግኝቶ ቢሆን ኖሮ ኔቪልን ያን ቀን በቃሬዛ ነበር የምናወጣው። ማን ይሆን ብሎ ዙሪያውን አየ። ሁሉም አፋቸውን ዘግተው እንደ ድንጋይ ቆመዋል።

ጨዋታው ሲያልቅ ጎርደን የመልበሻ ክፍሉን በር ቀረቀረው።

«ማነው?» አለ። «ማነው አፉን የከፈተው? ወንድ ከሆነ ይነሳ!»

ዴዝ ፎጣ እንዳገለደመ ተነሳ።

«እኔ ነኝ» አለ። ኔቪልን አላየውም፤ ወለሉን ነበር የሚያየው።

ከዚያ ወዲያ ዴዝንም ዘጉት። የገዛ ሚስቱ ወንድም ዘጋው! ዴዝን ለመውሰድ ከአንድ ትልቅ ቡድን መልማይ እየተመላለሰ ያየው ነበር፤ ግን ማን ኳስ ይስጠው፣ ማን ይሸፍነው? መልማዩ መምጣቱን ተወ። ዓመቱ ሲያልቅ ዴዝ ጫማውን ጥሎ ሄደ፤ ዳግም ሜዳ አልረገጠም። ኔቪልም በዚያው ቀረ፤ የሌላ መሃለኛ ክንድ አልፈለገም። መንደሩ ዴዝን ውሎ አድሮ ይቅር አለው። እሱ ግን ያ የምናውቀው ቀልደኛ አልሆነም፤ ጎርደን በተቀመጠበት ጠረጴዛ ቢራውን ጨልጦ ቃል ሳይናገር የሚሄድ ሰው ሆነ።

ጉድጓዱ መዘጋቱ እንደሆነ አልቀረም፤ ሁሉም እኩል ሥራ ፈት ሆነ። ያን ጊዜ እንኳ ኔቪልን ይቅር ያለው የለም። እሱ ራቅ ያለ ከተማ መጋዘን ውስጥ፣ ማንነቱን ከማያውቁ ሰዎች ጋር ዕቃ ሲጭን ኖረ። ሺላ ስትሞት ሣጥኗን የተሸከሙት ለዚሁ የተቀጠሩ ሰዎች ናቸው። ለቀስተኛው ጃኒስና ባሏ ነበሩ፣ ሁለት የሺላ የአክስት ልጆች ነበሩ፣ በቃ። ያን ቀን ኔቪል ከጸሎት ቤቱ በር ሲወጣ ዴዝን ከመንገዱ ማዶ አየው። ዴዝ እጁን እንደ ማንሳት አደረገና መልሶ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ኔቪል በዚህች ነው የኖረው ማለት ይቻላል። ስኬልቢ ውስጥ አንድ ሰው እንደ ሰው ቆጥሮኛል፣ ለኔ ሲል ዕድሉን አጥቷል፤ ይህን ለራሱ እየደጋገመ። ሊያመሰግነው ይፈልጋል፤ ዴዝ ግን ከሩቅ ሲያየው መንገድ ይሻገራል። እንዲያውም ከሁሉ አብልጦ የሚሸሸው እሱ ነበር። ፈርቶ ነው፣ እንደገና እንዳይዘጉት ነው፣ አለ ኔቪል። ድምፁም በጊዜ ብዛት የዴዝን ድምፅ ያዘ። ዴዝ በሳንባው ታሞ ሲተኛ ኔቪል እስከ አጥሩ ሄዶ ተመለሰ፣ በሌላ ቀንም ሄዶ ተመለሰ። የፈለገው አንዲት ነገር ነበረች፤ «አዎ፣ የጠራሁህ እኔ ነኝ» የምትል። እሷን ሳይሰማ ዴዝ ሞተ። አሁን ጎርደን ብቻ ቀረ፤ ጎርደንም ከሞተ ኔቪል ቤቱ ውስጥ ማን እንደሚጠራው ሳያውቅ ይኖራል።

ጸሎት ቤታችን ወደ ግራ ያዘመመ ነው። ከሥሩ የነበረውን ከሰል ጠርገን ስላወጣነው መሬቱ ይሰምጣል፤ ግድግዳው በየዓመቱ ይሰነጠቃል፣ መንገዱ ይጎደጉዳል። ራሳችን ነን የቦረቦርነው። የቀብሩ ዕለት ዝናቡ ቢያባራም ግቢው በረገፈ ቅጠል ተሸፍኖ ነበር።

የቀብር አስፈጻሚዋ ገና ልጅ እግር ናት፤ ከሌላ ከተማ የመጣች፣ የመንደራችንን ጉድ የማታውቅ። ተሸካሚዎቹን ከጸሎት ቤቱ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ሰብስባ «እርስዎ ከፊት በግራ፣ እርስዎ ከእሳቸው ኋላ» እያለች አሰለፈቻቸው። ከኔቪል ኋላ ጎርደን ሆነ።

«ከኋላ ያላችሁትን ሣጥኑና የፊተኛው ሰው ስለሚጋርዳችሁ እግራችሁ ሥር ያለውን አታዩም» አለቻቸው። «ስለዚህ ከፊት ያለው ለኋለኛው ይናገር። ደረጃ ካለ ደረጃ፣ ድንጋይ ካለ ድንጋይ በሉ። አደራ፣ ዝም እንዳትሉ!»

ስቱዋርት ሳቁን በሳል ዋጠው። ልጅቷ ምን እንዳሳቀው አልገባትም።

እሷ ቄሱን ልታናግር ስትወጣ ሌሎቹ ሲጋራ ሊያጨሱ ተከተሏት። ጎርደን ጉልበቱ አልቋልና ከዘራውን ይዞ ወንበር ላይ ቀረ። ኔቪልም ቀረ።

«ጎርደን» አለ።

ጎርደን መስኮቱን ያያል።

«ታረቀኝ አልልህም። አንዲት ነገር ንገረኝና መልሰህ ዝጋኝ። ያን ዕለት የጠራኝ ዴዝ ነው?»

ጎርደን ከዘራውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ሞሪን አንተን ጠይቀው ብላኛለች።»

«ሞሪን ምላሷ ረዝሟል» አለ ጎርደን ለመስኮቱ።

«አንተ ሰው፣ ቤቴ ውስጥ ይጠራኛል! ይገባሃል? ድስት ጥጄ ይጠራኛል። ዴዝ እኮ ነው እያልኩ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። ካልሆነም አይደለም በለኝ።»

ጎርደን ወለሉን በከዘራው መታ። ፊቱ እስከ አንገቱ ቀልቷል።

«አይደለም! ይኸው፣ ደስ አለህ? ዴዝ አፉን አልከፈተም። ፊቱ ወደዚያ ነበር፤ ያን በሬ ከሁላችንም ቀድሞ ያየው እሱ ነው። አየው፣ ዝም አለ። ቃል ገብቶ ነበር፣ ቃሉን ጠበቀ። ያልጠበቅሁት እኔ ነኝ።»

«አንተ?» አለ ኔቪል።

«አፌ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም! ዕድሜ ልኬን ከኋላችሁ ሆኜ ስጮኽላችሁ ኖሬ፣ አፌ ቀደመኝ። ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ።» ትንፋሽ አጠረው። «በሩን ቀርቅሬ ማነው ያልኩት ያወቀብኝ እንዳለ ልይ ብዬ ነው። አንድ ሰው ‹አንተው ነህ› ቢለኝ ኖሮ አምን ነበር። አምን ነበር መሰለኝ። ያ ጅል ተነስቶ እኔ ነኝ አለ!»

«ለምን?»

«‹መጥራት ነበረብኝ፣ አፌ እንቢ አለኝ› ይላት ነበር ሞሪንን። ሌላ አላውቅም። ባላለው ነገር ተቀጣ፤ እኔም ተውኩት። ያን ሁሉ ዓመት የእህቴን ቢራ እየጠጣሁ፣ ፊቱን እያየሁ ተውኩት።» ድምፁ ተሰበረ፤ መልሶ ደግሞ ተቆጣ። «አሁን አወቅህ። በቃ! ከዚህ በላይ ካንተ ጋር ቃል የለኝም።»

ሌሎቹ የሲጋራ ሽታ ይዘው ተመለሱ።

ቄሱ ምን እንዳለ ኔቪል አልሰማም። ተነሱ ሲባል ተነሳ፣ ሲዘመር የመዝሙሩን መጽሐፍ ገልብጦ ያዘ። ያቺን «ኔቭ!» የምትለዋን ጩኸት በጎርደን አፍ ሊሰማት ሞከረ፤ አልገጥም አለችው። በዴዝ አፍ ሊሰማት ሞከረ፤ እሱም ጠፋ። ድምፁ ከሁለቱም ተላቆ ባለቤት አጣ። የባሰው ግን ክንዱ ነበር። ያ አጥብቆ የያዘው ክንድ፣ ያ ጆሮው ውስጥ የኖረ ትንፋሽ፣ አይቶ ዝም አለ። የሞተ ሰው መጥላት ነውር መሆኑን ያውቃል፤ አንጀቱ ግን እርር ብሎ ጠላው።

ሣጥኑን ትከሻቸው ላይ አወጡ። ዴዝ ቀላል ሆኗል፤ በሽታው ጨርሶታል። የኔቪል ጉንጭ ከእንጨቱ ገጠመ። በሩን አልፈው ወደ መቃብሩ በሚወስደው የድንጋይ መንገድ ላይ በዝግታ ተራመዱ። ሞሪን ከኋላ ትከተላለች፤ መንደሩ በሙሉ ወዲህና ወዲያ ቆሟል። ኔቪልን ከፊት ሲያዩት አንዳንዱ ዓይኑን ወደ ሌላ አዞረ፤ ያላዞረም ነበር።

መንገዱ በግራ በኩል ሰምጧል፤ በቀኝ፣ በስቱዋርት በኩል፣ ደኅና ነው። ቅጠሉ ሁሉንም እኩል አስመስሎ ሸፍኖታል። የኔቪል ጫማ ጫፍ ቅጠሉ ሥር ድንጋይ እንደሌለ፣ መንገዱ እንደጎደጎደ አገኘ። ጥልቅ አይደለም፤ ጉልበት ላጣ ሽማግሌ ግን ይበቃል። እግሩን አርዝሞ ተሻገረው።

ጊዜ ነበረው። በዚህ ነገር ኔቪል ራሱን ሊዋሽ አልቻለም፤ «ጎርደን፣ ጉድጓድ» ለማለት የሚበቃ ጊዜ ነበረው። ልጅቷም አደራ ብላለች። ተቆጥቶም አይደለም፤ በዚያች ሰዓት ለጎርደን ቂም የሚባል ነገር ልቡ ውስጥ አልነበረም። ይወድቃል አለ በሐሳቡ፤ አሁን እነግረዋለሁ አለ፤ ቃሉም ምላሱ ላይ ነበረ። አፉ አልተከፈተም። ሊከፍተው ፈልጎ አልተከፈተም! ያን ሁሉ ዓመት ሰው አጠገቡ ሲያልፍ አፉን መዝጋት ለምዶ፣ አሁንም ዝም ብሎ ተዘጋ።

ዴዝም እንዲህ ነበር የሆነው። ኔቪል ይህን ሣጥኑ ጉንጩ ላይ ተደግፎ እያለ አወቀ። አልከዳውም፣ አልጠላውም፣ አፉ ነው የተዘጋበት፤ ከዚያ ዕድሜውን ሙሉ በዚያች በተዘጋችው አፉ ተቃጠለ። ጥላቻው ከኔቪል ላይ በአንድ ጊዜ ወረደ፤ ግን በምትኩ የመጣው ሰላም አልነበረም። ዴዝ ምን ተሸክሞ እንደኖረ አሁን እሱም ያውቀዋል፤ ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ የራሱ ነው።

ጎርደን ከኋላው ወደቀ። ሣጥኑ ወደ ግራ ተንሸራተተ፤ ሴቶች ጮኹ፤ ስቱዋርት ተሳደበ። ኔቪል በሁለት እጁ አቅፎ ክብደቱን በደረቱ ያዘው፤ ሌሎቹም ጠበቁ፤ አልወደቀም። ሲረጋጋ ኔቪል አንገቱን አዞረ።

ጎርደን ቅጠሉና ጭቃው ውስጥ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኳል። አንድ እጁ አሁንም ከሣጥኑ ሥር ነው። ቀና ብሎ ኔቪልን ዓይኑን አየው፤ ከዚያ ከሽቦው አውቶቡስ ወዲህ እንዲህ አይቶት አያውቅም።

«አይተኸው ነበር?» አለ።

ኔቪል ሰው ሁሉ እየሰማው እንደሆነ ያውቃል። ሞሪንም ከኋላ ቆማ ትሰማለች።

«አይቼው ነበር» አለ።

ጎርደን ገባኝ በሚል ራሱን ነቀነቀ። አንድ ለቀስተኛ ሊያነሳው እጁን ሲዘረጋለት ገፋውና እያቃሰተ በራሱ ተነሳ። ጭቃውን ሳይጠርግ ትከሻውን መልሶ ከሣጥኑ ሥር አስገባ፤ እንዲሁ ሆነው እስከ መቃብሩ ሄዱ።